የካርቱን ዘፈን የሚነፋውን ልጅ አታቁሙት

ትራምፔት የሚማር ልጅ ባለበት ቤት አንድ ክርክር አይጠፋም። ልጁ መምህሩ የሰጠውን ስኬል ሁለት ጊዜ ወጣ ወረድ ይልበትና ደብተሩን ገፋ አድርጎ ከካርቱን ፊልም የለቀመውን ዘፈን መንፋት ይጀምራል። ይኼኔ ከወዲያኛው ክፍል "እሱን ተወውና ቁም ነገሩን ተለማመድ!" የሚል ድምፅ ይመጣል። በአሜሪካ በርካታ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ልጆች ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ባለው ጊዜ የትምህርት ቤቱን ባንድ መቀላቀል ስለሚጀምሩ፣ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆችም የትንፋሽ መሣሪያ ቤት መግባቱ እንግዳ ነገር አይደለም።

በዚህ ክርክር ልጁ መሸነፍ የለበትም። እንደ ትራምፔት፣ ትሮምቦን፣ ፈረንሳይ ሆርንና ቱባ ያሉ የነሐስ መሣሪያዎች ከተጫዋቹ ከሁሉ በፊት የሚጠይቁት ድምፁን ቀድሞ የሚሰማ ጆሮ ነው። ልጅ ደግሞ ደጋግሞ ካየው ፊልም ዘፈን የበለጠ በጆሮው የያዘው ዜማ እምብዛም አይኖረውም። ዘፈኑን ለልምምድ ማብቂያ እንደ ከረሜላ ከመስጠት ይልቅ የልምምዱ እምብርት ማድረግ ይቻላል፤ የሚያዋጣውም ይኼ ነው።

ለዚህ አንድ ዘፈን በምሳሌነት መውሰድ ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1967 ለእይታ በበቃው "ዘ ጀንግል ቡክ" በተባለው የዲዝኒ ካርቱን ውስጥ ንጉሥ ሉዊ የሚባለው ኦራንጉታን ሰው መሆን አምሮት የሚዘፍነው "አይ ዋና ቢ ላይክ ዩ" ነው። ንጉሥ ሉዊ ደራሲው ኪፕሊንግ በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ የፊልሙ ሰዎች የጨመሩት ገጸ ባሕርይ ነው። ዘፈኑን የደረሱት "ሜሪ ፖፒንስ"ን የሠሩት ወንድማማቾች ሪቻርድና ሮበርት ሸርማን ሲሆኑ፣ የዘፈነው ሉዊ ፕሪማ ነው። ፕሪማ ደግሞ ትራምፔተኛ ነበር። በ1910 ከጣልያን ስደተኞች ዘር በኒው ኦርሊንስ ተወልዶ፣ የከተማዋን ጃዝ ጠጥቶ ያደገ፣ በ1936 "ሲንግ፣ ሲንግ፣ ሲንግ" የተሰኘውን ዝነኛ የዳንስ ሙዚቃ የደረሰ፣ በ1950ዎቹም ላስ ቬጋስን በሌሊት ትርኢቱ ያናወጠ ሰው ነው። እንግዲህ ይህ ዘፈን ሲሰማ የሚሰማው የትራምፔተኛ አተነፋፈስ፣ የትራምፔተኛ የአረፍተ ዜማ አቆራረጥ ነው። ልጁ በትራምፔት ሲነፋው ዜማውን ወደ መጣበት ቤት እየመለሰው ነው ማለት ይቻላል።

ስለ ፊልሙ ሳይነገር መታለፍ የሌለበት ነገር አለ። የጃዝ ሙዚቃን ሰው መሆን ለሚመኝ ጦጣ መስጠት በጥቁር አሜሪካውያን ላይ የነበረውን የንቀት ሥዕል ያስታውሳል የሚል ትችት ለዓመታት ሲቀርብበት ኖሯል፤ ትችቱም ውሃ የሚቋጥር ነው። ከፍ ላለ ተማሪ ይህን መንገር የመምህር ግዴታ ነው። ዘፈኑ የቆመው ጥቁር ሙዚቀኞች በኒው ኦርሊንስ በፈጠሩት ጥበብ ላይ መሆኑን ልጁ አብሮ ሲማር፣ ዜማውን ማን እንዳስተማረው አውቆ ይነፋዋል።

አሁን ወደ መሣሪያው እንግባ። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት፤ አንዱን ቁልፍ የነካ ሰው ሁልጊዜ አንድ የታወቀ ድምፅ ያገኛል። ትራምፔት ያሉት ሦስት ፒስተኖች ብቻ ናቸው። ሲጫኑ ቱቦውን እያስረዘሙ ሁለተኛው ድምፁን በግማሽ ቶን፣ አንደኛው በሙሉ ቶን፣ ሦስተኛው በአንድ ተኩል ቶን ያወርዳሉ። ሦስቱ እየተቀናጁ ሲጫኑ የሚገኘው የቱቦ ርዝመት ሰባት ዓይነት ነው፤ ትሮምቦንም በተንሸራታቹ ያሉት ቦታዎች ሰባት ናቸው። በሰባት ርዝመት ያን ሁሉ ዜማ ማውጣት የሚቻለው እያንዳንዱ ርዝመት በርከት ያሉ ድምፆችን ስለሚሰጥ ነው። አንድም ፒስተን ሳይነካ ከታች ዶ፣ ከዚያ ሶል፣ ከዚያ የላይኛው ዶ፣ ሚ፣ ሶል እያለ ይወጣል። ጣቶቹ ባሉበት ናቸው፤ የሚለወጠው የከንፈሩ ንዝረትና የትንፋሹ ፍጥነት ነው። በርሊን ላይ ሽቶልትዝልና ብሉሜል በ1818 የፒስተንን ሐሳብ በስማቸው እስኪያስመዘግቡ ድረስ ትራምፔተኞች በአብዛኛው በእነዚህ የተፈጥሮ ድምፆች ነበር የሚኖሩት።

ስለዚህ ጣቱን ትክክለኛው ቦታ ላይ ያሳረፈ ጀማሪ ሶልን ፈልጎ ዶን ሊያገኝ ይችላል። መሣሪያው ስህተቱን አይነግረውም። የሚነግረው ጆሮው ነው፤ ጆሮው ግን ሊናገር የሚችለው ቀድሞ የሚያውቀው ዜማ ሲሆን ነው። ከልምምድ ደብተር ላይ የማያውቀውን መስመር የሚያነብ ልጅ ሦስት ኖታ ስቶ ሳይታወቀው ገጹን ይጨርሳል። የንጉሥ ሉዊን ዘፈን ሲነፋ ግን አንዲት ድምፅ ስትሳሳት ፊቱን ያኮማትራል፤ ማንም ሳያዘውም ይደግመዋል። ይህ ፊት መኮማተር ለመምህር ትልቅ ሀብት ነው።

ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ የተጫወተው አርኖልድ ጄከብስ ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረው ይህንኑ ነበር። ከመላው ዓለም የሚመጡ ተማሪዎቹን ትንፋሽ በመለኪያ መሣሪያዎች ሳይቀር ይመረምር የነበረው ይህ ሰው ትምህርቱን በሁለት ቃል አጥፎ አስቀምጦታል፤ ዜማና ትንፋሽ። ተጫዋቹ ስለ ከንፈሩ ጡንቻ፣ ስለ ምላሱ አቀማመጥ፣ ስለ ሆዱ እያሰበ ከነፋ ሰውነቱ ይታሰራል። የሚፈልገውን ድምፅ በጭንቅላቱ ውስጥ ጥርት አድርጎ ከዘፈነው ግን ከንፈሩ ራሱ መንገዱን ይፈልጋል። ጄከብስ የሚያወራው ስለ ካርቱን ሳይሆን ስለ ታላላቅ የኦርኬስትራ ሥራዎች ነበር። ሆኖም ትምህርቱ በአሥር ዓመት ልጅ ላይ ሲተረጎም የመጀመሪያው ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ ልጅ አሁን በጭንቅላቱ ውስጥ ጥርት አድርጎ የሚዘፍነው ምንድን ነው?

እንዴት ይለማመደው? መጀመሪያ መሣሪያው ሳጥኑ ውስጥ ይቆይ። ልጁ ዘፈኑን በአፉ ይዝፈነው፤ ቃሉን ትቶ ዜማውን ብቻ። ቀጥሎ ማውዝፒሱን፣ ማለትም ከንፈር የሚያርፍበትን ጫፍ፣ ብቻ ይዞ በከንፈሩ ንዝረት ያንኑ ዜማ ያውጣው። ማውዝፒስ ብቻውን ሲነፋ ቱቦው የሚያደርገው እርዳታ ስለሌለ፣ ድምፁን የሚይዘው ከንፈሩ ብቻ ነው። አስቀያሚ ድምፅ ይወጣል፤ ቤተሰብ ይታገሥ። ከዚያ በኋላ ነው ትራምፔቱ የሚነሣው፤ እሱም ከፊልሙ ፍጥነት በግማሽ ዝግ ብሎ፣ በለሰለሰ ድምፅ።

የምላሱ ሥራ እዚህ ላይ ይመጣል። በነሐስ መሣሪያ እያንዳንዱ ኖታ የሚጀምረው ምላስ ትንፋሹን በሚለቅበት መንገድ ነው፤ ጠንከር ሲል "ታ"፣ ለስለስ ሲል "ዳ"፣ ሲፈጥን "ታ-ካ-ታ-ካ" ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ልጅ እዚህ ላይ አንድ አደጋና አንድ ጥቅም አለው። አደጋው "ታ"ን ወደ "ጣ"፣ "ካ"ን ወደ "ቃ" ማጥበቅ ነው። "ጣ" ሲባል ጉሮሮ ለቅጽበት ይዘጋል፣ ከሳንባ የሚመጣው አየርም ይቋረጣል፤ ትራምፔት ደግሞ የሚኖረው ባልተቋረጠ አየር ነው። ጥቅሙ ልዩነቱን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ማወቁ ነው። መዳፉን አፉ ፊት አድርጎ "ታ"ና "ጣ" ቢል በ"ታ" የሚመጣው አየር ረዘም ብሎ መዳፉን ሲነካ፣ በ"ጣ" ተቆርጦ ሲቀር ይሰማዋል። መምህሩ ስለ ጉሮሮ ረጅም ማብራሪያ መስጠት አያስፈልገውም።

ዘፈኑ ስዊንግ ነው፤ ማለትም አንዱ ምት ለሁለት ሲከፈል እኩል አይከፈልም፣ የመጀመሪያው ረዘም ሁለተኛው አጠር ይላል። ይህ በወረቀት ላይ በትክክል አይጻፍም፤ በጆሮ ነው የሚወረሰው። ጀማሪ ሁሉንም ኖታ እኩል በ"ታ" ሲመታው ዘፈኑ ወታደራዊ ሰልፍ ይሆንበታል። መፍትሔው አጭሯን ኖታ በ"ዳ" ማስጀመርና ወደሚቀጥለው ረጅም ኖታ በአንድ ትንፋሽ ማንሸራተት ነው። ይህንኑ በስኬል ላይ ለማስተማር ሳምንታት ይወስዳል። በዚህ ዘፈን ላይ ግን ልጁ ውጤቱ ምን መምሰል እንዳለበት አስቀድሞ ስለሚያውቅ፣ ምላሱ ሲሳሳት ራሱ ይሰማዋል።

የዜማው አሠራርም ያግዛል። ታሪኩ የሚነገርበት ክፍል በማይነር ነው፤ አዝማቹ ሲመጣ ወደ ዘመዱ ሜጀር ይከፈታል። ተማሪው በላ ማይነር ከጀመረ አዝማቹ ዶ ሜጀር ላይ ያርፋል ማለት ነው። ድምፆቹ በአብዛኛው ያው ሆነው ማረፊያው ይለወጣል፤ ልጁም ድብቅብቅ ያለው ክፍል ወደ ፈካው ሲሻገር በሰውነቱ ያውቀዋል። በዚያ ቀን የላ ማይነርንና የዶ ሜጀርን ስኬል ቢታዘዝ "ለምን?" ብሎ አይጠይቅም። በሚቀጥለው ሳምንት ዘፈኑን በግማሽ ቶን ከፍ አድርጎ እንዲነፋው ይታዘዝ፤ ጣቶቹ ሁሉ ይለወጣሉ፣ ዜማው ግን ይመራዋል። አሥራ ሁለቱንም መነሻ ድምፆች የዞረ ተማሪ አሥራ ሁለት ስኬል ተምሯል።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን መሐል ላይ ያለው የስካት ምልልስ ነው፤ ንጉሥ ሉዊና ድቡ ባሉ ትርጉም በሌለው ቃል እየተቀባበሉ የሚዘፍኑበት። የቀረጻው ታሪክ ራሱ ትምህርት ነው። ፕሪማ የራሱን ድርሻ ቀድሞ ቀረጸ፤ ሐሳቡም የባሉን ድምፅ የሚጫወተው ፊል ሃሪስ እየተከተለ እንዲደግመው ነበር። ሃሪስ በኋላ ሲቀርጽ መድገሙን ትቶ የራሱን መልስ ፈጠረ። ሁለቱ ክፍል ለየብቻ ተቀርጾ አንድ ላይ ሲሰፋ ነው ያ ሕያው ጭውውት የተገኘው።

መምህር ይህን እንዳለ ሊወስደው ይችላል። መምህሩ አንድ ሐረግ ይነፋል፤ ተማሪው በመጀመሪያው ዙር ይደግመዋል፣ በሁለተኛው ዙር እንደ ሃሪስ የራሱን ይመልሳል። በ"ሆያ ሆዬ" አውጪና ተቀባይ ሆኖ ላደገ ኢትዮጵያዊ ልጅ ይህ ምንም ማብራሪያ አያሻውም። ሌላም ጥቅም አለው፤ ተማሪው መምህሩ በሚነፋበት ጊዜ ሁሉ ያርፋል። ማውዝፒስ ከንፈርን ሲጫን የደም ዝውውሩን ያግደዋል፤ የደከመ ከንፈር ደግሞ ተጫዋቹን ይበልጥ እንዲጫን ይገፋፋዋል፣ ጥፋቱም በዚያ ይባባሳል። የነሐስ መሣሪያ መምህራን "የነፋኸውን ያህል እረፍ" የሚሉት ለዚህ ነው። ብቻውን የሚለማመድ ልጅ ግን አያርፍም። በምልልስ የተሠራ ዘፈን እረፍቱን በውስጡ ይዞ ይመጣል።

ተቃውሞው ቀላል አይደለም። የሚወዱትን ዘፈን መንፋት ወደ ጉልበት ይመራል፤ ልጁ ጮክ አድርጎ፣ ማውዝፒሱን አፉ ላይ ተክሎ፣ ጉንጩን ነፍቶ ይጋልባል። ስህተትም ሲደጋገም ይለመዳል። ከዚህ በላይ ደግሞ በጆሮው ብቻ የሚጫወት ልጅ ኖታ ማንበብ ሊሰንፍ ይችላል። እነዚህ እውነት ናቸው፤ ረጅም ድምፅ ይዞ መቆየትን፣ በከንፈር ብቻ ከድምፅ ወደ ድምፅ መንሸራተትን የሚተካ ዘፈን የለም። የየቀኑ የመጀመሪያ ደቂቃዎች ለእነዚህ ይሁኑ። ኖታ ማንበብን በተመለከተ ግን ዘፈኑ እንቅፋት መሆኑ ቀርቶ መንገድ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ የሚያውቀውን ዜማ በገዛ እጁ በአምስቱ መስመር ላይ እንዲጽፈው ይታዘዝ። ስዊንጉን ለመጻፍ ሲቸገር ኖታ ምን እንደሚይዝና ምን እንደማይይዝ ይገባዋል።

"ቁም ነገሩን ተለማመድ" የሚሉ ሁሉ ግን የቁም ነገሩን መጽሐፍ ቢገልጡት ይገረማሉ። የትራምፔተኞች መጽሐፍ ቅዱስ እየተባለ የሚጠራው የፈረንሳዊው ዣን ባፕቲስት አርባን የኮርኔት መማሪያ ነው፤ በ1864 ታትሞ እስከ ዛሬ በየኮንሰርቫቶሪው ይሠራበታል። በውስጡ ጣትና ምላስ የሚያስጨንቁ ገጾች ሞልተዋል። ዛሬ ያሉት እትሞች ውስጥ ከእነዚያ ገጾች ኋላ 150 ዜማዎች ተሰድረዋል፤ የኦፔራ ዜማዎችና በዘመኑ ሕዝብ የሚያፏጫቸው ዘፈኖች። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ ደግሞ ተማሪ ሁሉ የሚፈራው "የቬኒስ ካርኒቫል" ቫሪዬሽን አለ። የዚያ አስፈሪ ሥራ መሠረት ተራ፣ ሳቂታ የሕዝብ ዜማ ነው፤ ጀርመኖች ልጆቻቸውን ስለ ባለ ሦስት ማዕዘን ባርኔጣ የሚያዘፍኑት በዚሁ ዜማ ነው። አርባን የችሎታ ጫፍ የሚለካበትን ሥራ ለመገንባት የመረጠው ልጅ እንኳ የሚያውቀውን ነገር ነበር። ጆሮ ዜማውን ስለያዘው ምላስና ጣት የፈለጉትን ያህል ቢሮጡ ሰሚ አይጠፋበትም።

ትልልቆቹም ይህን ዓይነት ዘፈን አልናቁትም። ሉዊ አርምስትሮንግ በ1968 የዲዝኒ ፊልም ዘፈኖችን ብቻ የያዘ አልበም ሲቀርጽ ዕድሜው ስድሳዎቹን አጋምሶ ነበር፤ ከመረጣቸው ውስጥ የዚያው የ"ጀንግል ቡክ" ፊልም ሌላ ዘፈን፣ "ዘ ቤር ኔሰሲቲስ"፣ ይገኝበታል። በ2009 በወጣው "ዘ ፕሪንሰስ ኤንድ ዘ ፍሮግ" ውስጥ ትራምፔት የሚነፋው አዞ ስሙ ሉዊ ነው፤ በመሣሪያው የሚሰማው ግን የኒው ኦርሊንሱ ተወላጅ ቴሬንስ ብላንቻርድ ነው። ያን ፊልም የሚያይ ልጅ ሳያውቀው በዘመኑ ካሉ ታላላቅ ትራምፔተኞች አንዱን እያዳመጠ ነው። አንድ መምህር ያንን ፊልም አቁሞ "ይህን ድምፅ እንዴት አመጣው?" ቢል፣ ስለ ድምፅ ቀለም የሚሰጠው ትምህርት ተጀመረ ማለት ነው።

የኢትዮጵያ የነሐስ ሙዚቃም ያደገው በዚህ መንገድ ነው። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ በአርመን ገዳም ያገኟቸውን አርባ ወላጅ አልባ ልጆች ከነመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው፤ "አርባ ልጆች" የሚባሉት እነርሱ ናቸው። ሥራቸው ማርሽና የክብር አቀባበል ነበር፤ ኬቮርክም የንጉሠ ነገሥቱን መንግሥት ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። መሣሪያዎቹ ግን ሰልፍ ላይ ብቻ አልቀሩም። የክብር ዘበኛ፣ የፖሊስ ሠራዊትና የምድር ጦር ኦርኬስትራዎች የሙዚቃ ሰዎች ደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች ነበሩ፤ ሆኖም ጥላሁን ገሠሠን፣ ማሕሙድ አሕመድን፣ ዓለማየሁ እሸቴን እያጀቡ የፍቅርና የዳንስ ዘፈን ይነፉ ነበር። ዛሬ ዓለም የሚያደንቀው ያ የትራምፔትና የሳክስፎን አቀባበል የተሳለው በማርሽ ብቻ ሳይሆን ሰው ተነሥቶ በሚጨፍርበት ዘፈን ነው። ስለዚህ ተጫዋች ዘፈን ችሎታ ያበላሻል የሚለው ሐሳብ ከራሳችን ታሪክ ጋር አይገጥምም።

አዲስ አበባም ይሁን በዋሽንግተን አጠገብ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ የትራምፔት መምህር ከፕሪማ ዘፈን ጎን አንድ የአገር ዜማ ቢያስቀምጥ ቴክኒኩ ይበልጥ ይጠራል። የትዝታ ሜጀር ቅኝት ድምፆች አምስት ናቸው፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። በትራምፔቱ ከታችኛው ዶ ሲነሣ ዶና ሶል አንድም ፒስተን አይነካባቸውም፤ ሚና ላ ሁለቱም በአንደኛውና በሁለተኛው ፒስተን ይነፋሉ፤ ሬ ብቻ አንደኛውንና ሦስተኛውን ትወስዳለች። አምስት ድምፅ በሦስት የጣት አቀማመጥ ነው። ልጁ ሚና ላን የሚለያቸው በከንፈሩ፣ በትንፋሹና ከቤት ይዞት በመጣው ጆሮ ነው፤ ሥራው ከዚያ ሊጀመር ይችላል።